የእትዬ ሰዓዳ እጅና የጨው ዛፍ

እትዬ ሰዓዳ መሞቷን የሰማሁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ በምሠራበት ምግብ ቤት ጓሮ ቁጭ ብዬ ድስት ስፈትግ ነው። የደወለችልኝ ሐጃ በቱል ናት። ሐጃ በቱል ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የምትኖር ሱዳናዊት ባልቴት ስትሆን፣ እትዬ ሰዓዳን እስከ መጨረሻዋ ቀን እቤቷ አስተኝታ ያስታመመቻት እሷ ነች። አላደባበሰችም። «ሰዓዳ ትናንት አረፈች፤ አጥበን ቀበርናት፤ አልበረካ ፊኪ» አለችኝ፤ አላህ ያጽናሽ እንደማለት ነው። በስደት አገር መርዶ እንግዲህ እንዲህ ነው። ንጋት ላይ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለ፣ ደረት የሚደቃ ዘመድ የለ፤ አንድ እጅሽ አመድ ውስጥ፣ አንድ እጅሽ ስልክ ላይ ሆኖ ትሰሚዋለሽ።

ሐጃ በቱል በዚህ አላበቃችም፤ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛው ስለ ዛፉ ነው። ግቢዋ ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ የተተከለ፣ ቅጠሉ ላይ ጨው የሚያወጣ የሰዓዳ ዛፍ አለ። ባለቤቱ አልጋ ከያዘች ወዲህ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፤ ምን ላድርገው አለች። ሁለተኛው ስለ እጇ ነው። ሬሳዋን ሲያጥቡ በሁለቱም መዳፎቿ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ጠባሳ አይተዋል። «በሕይወት እያለች ጠይቄያት ድስት አቃጠለኝ ብላኛለች። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ድስት ሳወርድ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እሳት እንዲህ አይጠብስም። ምንድን ነው?» ልመልስላት አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ተቆረጠ። እንኳንም ተቆረጠ፤ ድስቱን ትቼ አለቀስኩ።

ስለ እትዬ ሰዓዳ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፤ ትማታ ነበር። ትማታ ነበር ስል ምላሷ ስለታም ነው ማለቴ አይደለም፤ ምላሷም የዋዛ አልነበረም፣ ግን እሱን ተዉት። በእጇ ነው የምትማታው። ሃምሳን የተሻገረች፣ አጥንቷ የሚቆጠር ቀጭን ሴት ናት፤ ያ ጥፊ ከየት እንደሚመጣ አላህ ይወቀው። በካርቱም ማንሺያ ሰፈር በየግቢው የሚሠሩ አበሾች «መብረቋ» ነበር የሚሏት። ስትቆጣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። የሚጮህ ሰው አይመታም፣ የሚመታ ሰው አይጮህም ትል ነበር። ሻሿን ጠበቅ፣ ጠበቅ ታደርጋለች። በዚያን ጊዜ ከፊቷ ገለል ያለ አተረፈ።

የተዋወቅነውም በዱላ ነው። ካርቱም የገባሁ ሰሞን ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ሐፍላ ላይ ተሳፍሬያለሁ፤ ሐፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎረምሳ በወንበሩ ክፍተት እጁን ሰዶ ይጎነታትለኛል። እኔ አዲስ ነኝ፤ ዐረብኛ የለኝ፣ መኖሪያ ወረቀት የለኝ። ወደ መስኮቱ እየተሸማቀቅኩ መስታወቱን ጥሼ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። ማዶ የተቀመጠች አንዲት ሴት ሻሿን ጠበቅ ስታደርግ አየሁ። ጎንበስ አለች፤ ጫማዋን ልታስተካክል መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል ግን ያ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ እጇ ላይ ነው። ጎረምሳው አፍንጫው ደማ። ሊገላግል የገባው ረዳትም የድርሻውን ቀመሰ። ከዚያ ክንዴን ይዛ ከሐፍላው አወረደችኝና በአማርኛ የት አገር ሰው ነሽ አለችኝ። ሐይቅ አልኳት። እሷ የባቲ ሰው ናት፤ ጎረቤት ሆንን ማለት ነው። አፍሽ ተለጉሟል ወይ ብላ ስትቆጣኝ ከጎረምሳው ይልቅ እኔ ጥፋተኛ የሆንኩ እስኪመስለኝ ድረስ ነው። «ብርቄ፣ ጨው ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ፤ አለዚያ ድንጋይ ነሽ ብለው ይወረውሩሻል» አለችኝ። የሚገርመው ስሜን የነገርኳት ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ ነው፤ እንደ እናቴ ነበር የጠራችኝ።

እሷ የምትሠራበት ቤት ሁለተኛ ሠራተኛ ይፈልግ ስለነበር ማንሺያ ይዛኝ ሄደች። የቤቱ ጌታ መሐንዲስ ነው፤ ሚስቱ ሲት ሀናን ትባላለች። የቤቱ ንጉሥ ግን የመሐንዲሱ አባት፣ ዐሚ ጣሂር ነበሩ። ዕድሜያቸውን መርከብ ላይ የጨረሱ የፖርት ሱዳን ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ወደ ካርቱም አመጣቸው፤ እሳቸው ደግሞ ባሕሩን ይዘው መጡ። ቀልዴን አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሰው የሚያስተኛ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ ከቀይ ባሕር የመጣ አሸዋ፣ በበርሜል የመጣ የባሕር ውሃ፣ ጥቂት ትናንሽ ዓሦች። ከአሸዋው ላይ ደግሞ ዛፍ በቅሎ ከገንዳው አፍ በላይ ወጥቷል። ገንዳው የተቀመጠው ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት ሣጥን ላይ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ውሃውን የሚያዞረው ሞተርና ቱቦዎቹ አሉ። መቆለፊያው ስለተሰበረ ሁለቱ መዝጊያዎች በሽቦ ነበር የሚታሰሩት። ይህን ሣጥን ልብ በሉልኝ።

ዛፉን የተማሩት ልጆቻቸው ማንግሮቭ ይሉታል፤ ዐሚ ጣሂር ሹራ ነው የሚሉት። የባሕር ዛፍ ነው ብለው ሲያስተዋውቁኝ እኔና እትዬ ሰዓዳ ተያይተን ሳቅን፤ የእኛ ባሕር ዛፍ ሌላ፣ የሳቸው ሌላ። ባቄላ የምታክል አረንጓዴ ፍሬ ከባሕሩ ዳር ለቅመው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ያበቀሉት ነው። ሥሩ ወደ ታች ብቻ አይሄድም፤ አንዳንዱ ከአሸዋው ብቅ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል፣ በሱ ነው የሚተነፍሰው ይላሉ። ጨው ውሃ ይጠጣና ጨውን በቅጠሉ ያልበዋል። ቅጠሉን በጣትሽ ብትነኪ ነጭ ደቃቅ ጨው ይዞሽ ይመጣል። ባሕር ዳር ሲሆን ዝናብና ጤዛ ያጥበዋል፣ ሳሎን ውስጥ ግን ዝናብ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በመጠጥ ውሃ ነክሮ እያንዳንዱን ቅጠል መጥረግ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የእትዬ ሰዓዳ ነበር። ያ ሰው የሚያደማ እጅ ቅጠሉን ሲጠርግ የሕፃን ዓይን የሚያብስ ይመስል ነበር፤ እኔ መጥረግ ብሞክር ሂጂ ወጥሽን አማስይ ብላ ታባርረኛለች።

እንዲህ ከመልመዷ በፊት ግን ልትገድለው ነበር። ባቲ ገበያ ከአፋር በረሃ በግመል የሚመጣውን አሞሌ እያየች ነው ያደገችው። በእኛ አገር ከብት እንዲፋፋ ጨው ያልሱታል፤ ጨው ያላገኘ በሬ አይወፍርም። እሷ የገንዳው ውሃ እየቀነሰ ሲሄድ አየች። ዛፉ ጨው በሊታ ነው፣ አልቆበታል ብላ ከወጥ ቤት ጨው እየዘገነች በልግስና አላሰችው። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ዐሚ ጣሂር ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ነገሩን አወቁት። እትዬ ሰዓዳ ሻንጣዋን እያሰበች ቆማለች። ሽማግሌው እንደ በሬ አላስኩት የሚለውን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አስረዷት፤ በሙቀት የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው የትም አይሄድም፣ በጎደለው ልክ የመጠጥ ውሃ ነው የሚጨመረው፣ ሌላ ጨው ከጨመርሽበት ይመራል፣ ይገድለዋል።

«ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል» የሚለው ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷ ተረት ሆነ። ለማይረባውም ለሚረባውም ትጠቅሰዋለች። ሽንኩርት ሲወደድም፣ የአገር ቤት ጠብ ሲነሳም። አገር ቤት ያጨኝ ልጅ ሌላ ማግባቱን ሰምቼ ወጥ ቤት ተደፍቼ ሳለቅስ፣ እንባው ይሄዳል ጨው ይቀራል፣ ስለዚህ ዝም ብለሽ የመጠጥ ውሃ ጨምሪበት ብላ ብርጭቆ ውሃ አስጨበጠችኝ። ማጽናናት ብሎ ነገር አትችልም ነበር። ግን ያችን ብርጭቆ እስክጨርስ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሳችም።

የሲት ሀናንን ወንድም የመታችው በዚሁ ዛፍ ምክንያት ነው። ሰውየው ለምሳ መጥቶ፣ ሶፋው ላይ ተንጋሎ፣ ሲጋራውን ሲጨርስ መተርኮሻ እያለለት እጁን ዘርግቶ የዛፉ ግንድ ላይ ተረኮሰው። ጭስ ሲወጣ አየሁ። እትዬ ሰዓዳ የሻይ ትሪ ይዛ ነበር። ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ሻሿን ጠበቅ አደረገች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የሰውየው መነጽር ግድግዳው ሥር ነው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። እሱም ዝም አላለም። ፀጉሯን ይዞ መሬት ላይ ጎተታት፣ ሆዷን በጫማ ረገጣት። እሷ ከወለሉ ላይ ሆና ቁርጭምጭሚቱን ነክሳ ያዘች። ፖሊስ መጥቶ ሲወስዳት እንኳ ጥርሷ ላይ የካልሲው ክር ነበር።

እስር ቤት ሰነበተች፤ ወደ ድንበር ሊጥሏት ተዘጋጅተው ነበር። ዐሚ ጣሂር ከዘራቸውን ይዘው ራሳቸው ጣቢያ ሄዱ። እሱ ዛፌን አቃጠለ፣ እሷ ስለኔ መታችው፣ ማሰር ካለባችሁ ሁለታችንንም እሰሩን ብለው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ አሉ። ይዘዋት መጡ። ፊቷ አባብጦ፣ አንድ ጥርሷ ወልቆ ገባችና በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። ቅጠሉን ማን ሲጠርግ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። አየችውና ይህ ደግሞ መጥረግ ነው ወይ አለችኝ። ጨርቁን ነክራ እንደገና ጀመረችው።

ለምን እንዲህ ትማቻለሽ፣ አንድ ቀን ያስገድልሻል ብዬ ለምኛታለሁ። የዚያን ጊዜ የነገረችኝን አልረሳውም። መጀመሪያ በተቀጠረችበት ቤት፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ያደረጓትን ሁሉ እጇን አጣጥፋ ችላለች። ምን እንዳደረጓት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «እጄን ያጠፍኩት ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ አላጥፈውም፤ ቢቆርጡት እንኳ» አለችኝ። በአላህ ምላ ነው ያለችው፣ እሷ ደግሞ መሐላ አትደፍርም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንዴት እንደጀመረ እኔን አትጠይቁኝ፤ የማውቀው ጠዋት ሻይ ላይ ሳለን ሰማዩ መቀደዱን ነው። አውሮፕላን ከላይ፣ መድፍ ከማዶ፣ መትረየስ ከመንገዱ ጫፍ። የጎረቤታችን ግቢ ዘበኛ፣ የጎጃም ልጅ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ተመታ፤ ሬሳውን የሚያነሳ ጠፍቶ ውሾች ሲሰበሰቡ ከጣሪያ እያየን በድንጋይ እናባርር ነበር። እትዬ ሰዓዳ መጨረሻ ላይ አካፋ ይዛ ወጣች። ጥይቱ እየተንጫጫ ሄደን እዚያው የአበባ መደቡ ውስጥ ቀበርነው። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት፤ እሷ በራሷ ዱዓ አደረገችለት።

መሐንዲሱ ቤተሰቡን በአንድ መኪና ጭኖ ወጣ። ለእኛ ቦታ አልነበረም። ዐሚ ጣሂርን ሁለት ሰው ደግፎ ሲያስገባቸው፣ ዛፉን ተዪው ሰዓዳ፣ ነፍሳችሁን ጠብቁ እያሉ ያለቅሱ ነበር። ፓስፖርታችን ሱቅ ዐረቢ ካለው ወኪል ዘንድ ነው፤ ሱቅ ዐረቢ ደግሞ ሲቃጠል ጭሱ ከእኛ ጣሪያ ይታያል። ወረቀት ሳይኖረን፣ መንገድ ሳናውቅ፣ በር ዘግተን ተቀመጥን።

መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ቆመ፤ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ቀጥሎ የቧንቧው ውሃ ቆመ። አባይ ከማንሺያ ቅርብ ነው፣ በመስኮት ሊታይ ምንም አይቀረው፤ ግን ሊቀዳ የወጣ ሰው አይመለስም። አንዱን በዓይናችን አይተነዋል። እሱ ወደቀ፣ ጀሪካኑ ብቻውን እየተንከባለለ መንገዱን ተሻገረ። የቀረን የጣሪያው ታንከር ዝቃጭ፣ አንድ ጀሪካን ነበር። እትዬ ሰዓዳ የሣጥኑን ሞተር ነቅላ አወጣችና ጀሪካኑን እዚያ ደበቀችው። በክዳን እየለካች ነው የምታጠጣኝ። ዛፉን መጥረግ ተወች፤ ገንዳው ላይ መጨመርም ተወች። ውሃው ጎደለ፣ መስታወቱ ዙሪያውን ነጭ ጨው ጋገረ። በጣቴ ነክሬ ብቀምሰው ምላሴ ተኮማተረ፤ ባሕሩ ሁሉ እዚያ ታች ላይ የተጠራቀመ ነው የሚመስለው። ዛፉ ግን አረንጓዴ ነበር።

ታጣቂዎቹ የመጡት ቀትር ላይ ነው። መኪናቸው በሩን ጥሶ ሲገባ እኔ ሳሎን ነበርኩ። በየቤቱ የሚገኙ ወጣት ሴቶችን ምን እንደሚያደርጉ ሰምተናል፤ ከጀርባችን ካለው ቤትም ጩኸቱን ሰምተናል። እትዬ ሰዓዳ አንገቴን ይዛ ወደ ሣጥኑ ከተተችኝ። ጉልበቴ ደረቴ ላይ፣ ጀሪካኑ በእግሮቼ መካከል። አልበቃ አልኩ። መዝጊያዎቹን ስትገፋቸው ጉልበቴ መልሶ ይከፍታቸዋል፤ ሽቦውን ለማሰር ጊዜ የለም፣ ኮቴያቸው ኮሪደሩ ላይ ደርሷል። ድንገት መዝጊያው ጉልበቴን ጨፍልቆ ተዘጋ፣ ጨለመም። ጀርባዋን አስደግፋ ወለሉ ላይ የተቀመጠች መሰለኝ።

ሞያ አሉ፤ ውሃ ማለታቸው ነው። የለም አለች። አንዱ በጣሳ ከገንዳው ሲቀዳ ውሃው ከራሴ በላይ ሲንቦጫረቅ ተሰማኝ። ጠጣው፤ ተፋው፤ ማስመለስም ያዘው። መርዝ ነው ብሎ ጮኸ። እትዬ ሰዓዳ ጨው ነው፣ የባሕር ውሃ ነው አለች። ማን ይመናት? እነሱ አባይ ዳር ያደጉ፣ ወይ ከምድረ በዳ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ባሕር አያውቁም። ዛፍ በጨው ውስጥ እንዴት ይበቅላል፣ ይኸው ለምልሞ የለ ወይ፣ ልትገድይን መርዝ ጨምረሽ ነው አሏት። ከዚያ የጠመንጃ ሰደፍ ሲያርፍባት ሰማሁ። ምቱ በእንጨቱ በኩል አልፎ ጉልበቴን ነዘረኝ። ደገሙት። እጅጌዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነከስኩ። እመብርሃን፣ እመብርሃን እላለሁ በልቤ።

መርዝ ካልሆነ አንቺው ጠጪው አላት። ጣሳውን ተቀበይ ሲላት አልተቀበለችም። «እጄ ሽባ ነው» አለችው።

ፈርታ አእምሮዋን የሳተች መሰለኝ። የማን እጅ ነው ሽባ? ሳቁ፤ ሽባ አገልጋይ፣ እነዚህ ሀብታሞች ጉድ ናቸው ተባባሉ። አንዱ አገጯን ፈልቅቆ ያዘ፣ ሌላው አፈሰሰው። ስትውጥ ይሰማኛል። እያነቃት፣ እያስመለሳት፣ መልሰው ይቀዳሉ። ቆም ሲሉ በሹክሹክታ ላ ኢላሃ ኢለላህ ትላለች፤ እንደገና ያፈሳሉ። አንዱ ሻሿን ገፎ ፊቷ ላይ ተፋባት፤ ሐበሺያ ብሎ ስለ እናቷ የማይነገር ነገር ተናገረ። እኔ ጨለማው ውስጥ ሆኜ ጥፊውን ጠበቅኩ። ወላሂ ጠበቅኩ። አሁን ትመታዋለች፣ አሁን ይገድሏታል፣ አሁን ሣጥኑ ይከፈታል እያልኩ ትንፋሼን ያዝኩ። አልመታችውም። በጥፊ የመታት እሱ ነው፤ ደጋግሞ።

ሲሰለቻቸው ቴሌቪዥኑን ነቀሉ። ሲወጡ አንዱ ዞሮ ገንዳው ላይ ተኮሰ። መስታወቱ ፈነዳ፤ ያ ሁሉ ጨው ውሃ በእሷ ላይ ወርዶ፣ በጣውላው ስንጥቅ እኔ ላይ ዘነበ። ዓይኔ ነደደ። እጅጌዬን አጥብቄ ነከስኩ። መኪናቸው ከሄደ በኋላም መዝጊያው ለረጅም ጊዜ አልተከፈተም። እትዬ ሰዓዳ ብዬ ጠራኋት። «ግፊው» አለችኝ በደከመ ድምፅ፤ «እኔ መልቀቅ አቅቶኛል።»

ገፋሁት። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አዙራ፣ በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። የሁለቱን መዝጊያ ሽቦ በሁለት መዳፎቿ ጠምጥማ ነበር የያዘችው። በመቷት ቁጥር ጉልበቴ መዝጊያውን ሲገፋ፣ ሽቦው ሥጋዋን እየቆረጠ ገብቷል። ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋት አንድ በአንድ የዘረጋሁላት እኔ ነኝ። ሽቦውን ሳወጣው ቆዳዋ አብሮ መጣ። ቁስሉ ውስጥ ያ ጨው ውሃ ገብቶ ነበር።

እያለቀስኩ የማይረባ ጥያቄ ጠየቅኳት። እንዲያ ሲያዋርድሽ ለምን አልመታሽውም አልኳት፤ ያን ጊዜ ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

«እጄ መች ባዶ ነበር?» አለችኝ።

ከጀሪካኑ አጠጣኋት፤ መልሳ አወጣችው። በመካከሉ በዓይኗ ዛፉን ትፈልጋለች። የመስታወት ስባሪ ላይ ከነአሸዋው ወድቋል። ሳፋ ውስጥ አስገቢው፣ አንድ ጣሳ አጠጪው አለች። ተናደድኩ። ለእኛ የሌለንን ውሃ ለእንጨት፣ አብደሻል ወይ ብዬ ጮኽኩባት። እሱም እንደኔ ጨው ጠጥቷል አለችኝ። አጠጣሁት።

ሐጃ በቱል ዘንድ በምን መከራ እንደደረስን ሌላ ጊዜ አወራዋለሁ፤ ሰፈሩ ጋብ ባለ ቀን ሳፋውን በጋሪ ጭነን ነው። እትዬ ሰዓዳ አርብ አርብ ሄዳ ታበስልላት ስለነበር በሩን ያለ ጥያቄ ከፈተችልን። ግን እግሯ ማበጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ፊቷ፤ ሽንቷ ጥቁር ሆነ። ኩላሊት ነው አሉ። ሐኪም ቤቱ ወይ ተመቷል፣ ወይ ተዘግቷል። ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ የጭነት መኪና ሲገኝ አልሄድም አልኩ። ካንቺ ተለይቼ የት ልገባ ብዬ የመኝታዋን እግር ይዤ ተቀመጥኩ። ተነሳች። በዚያ ባበጠ እግሯ እስከ መኪናው ድረስ ነድታኝ ሄደች። አሁንም አልሳፈር ስል ሻሿን ጠበቅ አደረገች፤ በዚያ በጨርቅ በተጠቀለለ እጇ በጥፊ አላሰችኝ። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር እኔን የመታችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳልወድ ተሳፈርኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ የመታችበትን እጅ በሌላው እጇ ደግፋ ቆማ አየኋት። አላህ ይርሀማት፤ እኔም በእምነቴ ነፍሷን ይማር እላለሁ።

ትናንት ኔትወርክ ሲመጣ ለሐጃ በቱል መልሼ ደወልኩላት። ስለ ዛፉ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ጨው እንዳትጨምሪበት፣ ያለው ይበቃዋል፣ በጎደለው ልክ የመጠጥ ውሃ ብቻ፣ ቅጠሉንም ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለሽ አልኳት። እሺ፣ ኢንሻአላህ አለች። ከዚያ፣ የመዳፏ ጠባሳስ አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳልረሳሁት ታውቃለች።

«እኔን የያዘችበት ነው» አልኳት።